የሚብሰው ሳይመጣ

ባለፈው ሰንበት የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ መፃጉዕ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ የቆመው መምህር ከመጨረሻው ልጄ የሚያንስ ወጣት ነው፤ ድምፁን አላሰማመረም፣ ሕዝቡንም ለማስጨብጨብ አልተጋም፣ በዮሐንስ ወንጌል የተጻፈውን፣ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት በደዌ የኖረውን የዚያን ሰው ታሪክ በዝግታ ተርኮ ወረደ። ሰዉ ነጠላውን እያስተካከለ ወደ በሩ ሲጎርፍ እኔ ከዋንዛው ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ መቋሚያዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ይህን ወንጌል ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም የምሰማው ስለ አንድ ሩቅ አገር ሰው እንደሚወራ አድርጌ ነበር። ዘንድሮ ግን በጉባኤ መካከል የራሴ ስም የተጠራ ያህል ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ተቆራርጦብኛልና፣ አብረን ያደግነውን፣ አብረን ብዙ ሰው የቀበርነውን፣ አሁንም በየሰንበቱ በአንድ ቅጥር ግቢ የምንገናኘውን እናንተን እኩዮቼን፣ ጊዜ ሳለ ልነግራችሁ ወደድኩ።

በመጠመቂያው ዙሪያ አምስት መመላለሻ ነበረ፤ በየመመላለሻውም ሥር ዕውሩ፣ አንካሳው፣ የሰለለው ተኝቶ የውኃውን መናወጥ ይጠብቅ ነበር። ልብ አድርጋችሁ ስሙት፤ ያ ሰው ውኃ አጥቶ አልተቸገረም፣ ውኃው ከዐይኑ ሥር ነው፤ ብቸኛ ነበር እንዳንልም ዙሪያውን ሰው ከቦታል። ያጣው የሚያነሣውን ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አጠገቡ ከተኛው ጋር ጠዋት እንዴት አደርክ፣ ማታ ደህና እደር ተባብሎ፣ ሌሊት ጎረቤቱ ሲያቃስት እየሰማ፣ የእርሱንም ማቃሰት እያሰማ ኖሯል፤ ውኃው የተናወጠ ዕለት ግን እያንዳንዱ ዐይኑን ውኃው ላይ ሲተክል ከወንድሙ ላይ አነሣው። እኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች የምንባለው እንዲህ ባለ መመላለሻ ሥር እየኖርን እንደሆነ ነው ያን ዕለት የታየኝ። ሁላችንም ወደ ጠበሉ እናያለን፣ ወደ ታቦቱ እናያለን፣ ወደ በረከቱ እጃችንን እንዘረጋለን፤ ከጎናችን የቆመውን ግን ካየነው ብዙ ዘመን ሆነን።

ወንጌሉም በፈውሱ አያበቃም። ጌታችን ያን ሰው ኋላ በቤተ መቅደስ ሲያገኘው፣ ዳግመኛ ወደ በደል ቢመለስ ካለፈው የከፋ እንደሚደርስበት አስጠንቅቆታል። 38 ዓመት ከመተኛት የከፋ ምን አለ ብሎ ለሚጠይቅ፣ አባቶቻችን ሲያስተምሩ በዕለተ ዓርብ በሊቀ ካህናቱ ዘንድ ጌታን በጥፊ የመታው ይኸው የተፈወሰው ሰው ነው ይሉናል። ልጅ ሳለሁ ይህን ስሰማ በሰውዬው እናደድ ነበር። ዛሬ የማስበው ስለ እጁ ነው። ዝንብ ማባረር እንኳ ተስኗት የኖረች እጅ፣ ኃይል ባገኘች ጊዜ የዋለችበትን ሥራ አስባለሁ፤ የሚብሰው የተባለውም ይህ ይመስለኛል፣ ከአልጋ ተነሥቶ ለክፋት መበርታት፣ በተሰጠን ጤና የሰጠንን መምታት።

ስለ እጅ ካነሣሁ የራሴን ልሸሽግ አይገባኝም። በ1969 ዓ.ም. 25 ዓመቴ ነበር። በሰፈራችን በየወሩ በ27 የመድኃኔ ዓለም ጽዋ ይጠጣል፤ አባቴ ዐይኑ ስለታወረ እርሱን ተክቼ እገባ ነበር፣ በዕድሜም ከማኅበርተኞቹ ሁሉ ስለማንስ ጠላውን የምቀዳው፣ ጽዋውን የማዞረው እኔ ነበርኩ። ከማኅበሩ ሁለቱ አንድ ግድግዳ የሚለያቸው ጎረቤታሞች ናቸው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አንዱ በክረምት መግቢያ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሲቆፍር ውኃው ወደ ሌላው ጓሮ ገብቶ የጎመን መደብ ወሰደ፤ ቃል ተመላለሱ፣ ተኳረፉ። ጠባቸው ይኸው ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ከምሳ በኋላ ጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚጨርሰው። የማኅበራችን ሕግ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ እንዳይቀምስ ያዛል፤ ይህንንም የማኅበሩ ሙሴ ያውቀዋል፣ ዳቦውን የሚባርኩት ቄስ ያውቁታል፣ እኛም እናውቀዋለን። ነገር ግን የማኅበሩ ቀን ለምን ይበላሽ ተባለ፣ ጾሙ ይለፍና እናየዋለን ተባለ፣ ክረምቱ ይውጣ ተባለ፣ እንዲህ ሲባል፣ እንዲህ ሲባል ሦስት ዓመት ሆነ። አንዱ በበሩ በኩል፣ ሌላው በጓዳው በኩል ይቀመጣል፤ እኔ ጽዋውን ከአንዱ ተቀብዬ ለሌላው እሰጣለሁ፤ እነርሱ እጅ ለእጅ ላለመነካካት፣ እኛ ደግሞ ነገሩን ላለማንሣት ተስማምተን ኖርን።

ከዚያ የሆነውን በየሰፈራችሁ ስለምታውቁት አላስረዝመውም። በዚያ መካከል ቀበሌ ተቋቋመ፤ ከሁለቱ ጎረቤታሞች ቦዩን የቆፈረው በቀበሌው ሹመት አገኘ። በዚያው በ1969 ዓ.ም. አሰሳው መጣ፣ በየስብሰባው አጋልጡ ተባለ፣ የዚያ የጎመን መደብ ባለቤት ልጅ፣ ገና 17 ዓመት የሆነው ተማሪ፣ ስሙ ከአንድ ወረቀት ላይ ተገኘ። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው የመሰከረ የለም፣ እኔም ዛሬ በሞተ ሰው ላይ አልመሰክርም፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን አንድ ሰው ያስብ ነበር። ልጁ በሌሊት ሲወሰድ አባቴ በጩኸቱ ነቅቶ ልብሱን ደርቦ፣ በትከሻዬ ተደግፎ፣ ወደዚያ ሹም ደጅ ሄደ፤ በዚያ ሰፈር አባቴ የገባበት ሽምግልና ወድቆ አያውቅም ነበርና። ቆመን አንኳኳን። ውስጥ መብራት አለ፣ የሰው ኮቴ ይሰማል። በሩ አልተከፈተም። አባቴ ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ብመጣ ቡና ተፈልቶ ይጠብቀኝ ነበር አለኝ። ጠዋት የልጁ አስከሬን መንገድ ዳር ታየ። በዚያ ዘመን እንዲህ ለተገደለ ማልቀስ ክልክል እንደነበር ስንነግራቸው ልጆቻችን አያምኑንም፤ እናቱ በር ዘግታ፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ስትንሰቀሰቅ በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር።

እኔን እስከ ዛሬ የሚከተለኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው 27 ነው። ማኅበሩ አልቀረም። ሹሙ መጣ። የሟቹ አባትም መጣ፣ መቅረቱ ሌላ ትርጉም እንዳይሰጠውና የቀሩትን ልጆቹን እንዳያስበላበት ፈርቶ። ቄሱ መጡ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ዳቦው ተባረከ። ሁሉም በየቦታው፣ አንዱ በበሩ፣ አንዱ በጓዳው በኩል ተቀመጠ። እኔም ቀዳሁ። ጽዋው ከበር ወደ ጓዳ ዞረ፤ አባትየው ተቀበለኝ፣ ጠጣ፣ መለሰልኝ፣ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያም ጽዋው እንደ ወጉ ተሸፍኖ ወደ ተረኛው ቤት ተሸኘ። አንድ ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም። ያን ሌሊት ተኝቼ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ የገባኝ ነገር ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ያ ዘመን ጥይቱን አመጣ እንጂ ጠቡን አላመጣም። ጠቡን በየወሩ ጽዋ እያጠጣን ያሳደግነው እኛ ነን፣ ማኅበርተኞቹ፣ ጿሚዎቹ፣ አስቀዳሾቹ። ክፉ ዘመን ጠላት ፈልጎ አይደክምም፤ በየቤቱ ተቀልቦ የቆየውን መጥቶ ይፈታዋል እንጂ።

እግዚአብሔር ግን ከዚያ አልጋ አነሣን። በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው እንዲወርዱ የተደረጉት፣ በ1971 ዓ.ም. በግፍ የተገደሉት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከተጣለበት ወጥቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር ሲያርፍ አልቅሰናል፤ እኔ ለዚያ ልጅ ያላለቀስኩትንም ጨምሬ አለቀስኩ። ሸሽቶ የነበረው ወጣት ተመለሰ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሞላ፣ የጾም ቅዳሴ ቦታ ጠበበው። ሌላም አልጋ ነበረብን። ሲኖዶሳችን የአገር ቤትና የስደት ተብሎ ተከፍሎ፣ በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ ግማሹ ከዚህ፣ ግማሹ ከዚያ፣ ሌላውም ገለልተኛ ነኝ ብሎ፣ ወንድም ከወንድሙ ጋር ሳያስቀድስ ከ25 ዓመት በላይ ኖረ። በሐምሌ 2010 በዋሽንግተን እርቁ ወርዶ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ሲገቡ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ እንባዬን አልጠረግሁትም። አልጋችንን ተሸክመን ሄድን ብዬ ነበር።

ከዚያ ወዴት ሄድን? ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ቆይቶ በጥቅምት 2013 በሰሜን የተጀመረው ጦርነት አንድ ጾም የሚጾሙትን፣ በአንድ ስመ ሥላሴ የሚያማትቡትን ልጆች ከምሽግ ወዲያና ወዲህ አሰለፈ፤ የአንዱም እናት የሌላውም እናት ለዚያችው እመቤት ተሳሉ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ላይ በመጣው መከፋፈል የነነዌን ሦስት ቀን ጥቁር ለብሰን ጾምን። ማን ማንን በደለ የሚለውን እዚህ አላነሣም፤ ለዚያ ሌላ ሸንጎ፣ ከዚያም በላይ ሌላ ፈራጅ አለ። የእኔ ጥያቄ ትንሽ ናት፣ ከአንድ ቤት በር እስከ ጓዳ የምትደርስ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ ሽማግሎቹ የትኛውን ጎረቤት ከየትኛው ጎረቤት ጋር አስታረቅን?

በዚያው በመፃጉዕ ዕለት ያየሁትን ልንገራችሁ። ዲያቆኑ በቅዳሴው መካከል እርስ በርስ ሰላም እንድንባባል ሲያዝ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዝቅ ማለት ልማዳችን ነው። ከፊቴ የቆመ እኩያችን ወደ ቀኙ ዝቅ አለ፣ ወደ ግራው ግን አንገቱ ጀመረና ተመለሰ። በግራው ማን እንደቆመ አየሁ፤ የ40 ዓመት ጎረቤቱ ነው፣ ልጆቻቸው በአንድ ሞግዚት ያደጉ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሣ። በእነዚህ መካከል ቦይ አልተቆፈረም፣ የማንም ጎመን አልተወሰደም። ያለያያቸው አያቶቻቸው የተወለዱበት አገር ስም ነው። የቅዱሱ ምስጢር ተሸፍኖ ባለበት፣ ሰላም ይሁን በተባለበት ሰዓት አንገታችንን ማዘዝ ካቃተን፣ ከበሩ ውጭ ስንወጣ ምላሳችንንና እጃችንን ማን ያዝልናል?

ደግሞም በሰንበቴው ቤት፣ ንፍሮው እየታደለ፣ ሦስት አራት ሆነው የተቀመጡ ወንድሞቼ ስለ ሌላው ወገን ሲያወሩ እነሱ፣ እነሱ ሲሉ ሰማሁ። ስም የለም፣ የአባት ስም የለም፣ የክርስትና ስም የለም፤ እነሱ ብቻ። እኔ ያን ቃል አውቀዋለሁ፤ በወጣትነቴ አድጎ ሲጎለምስ አይቼዋለሁ። በዚያ ዘመን ሰው ከቤቱ ከመወሰዱ በፊት ስሙ ይወሰድ ነበር፤ አቶ እገሌ መባሉ ይቀርና በአንድ የወል ቃል ይጠራል፣ ከዚያ በኋላ ለሚሆነው ነገር የማንም ልብ አይደነግጥም። ከመካከላቸው የአንዱ የልጅ ልጅ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በአያቱ ጉልበት ሥር ተቀምጦ ንፍሮውን እየቆረጠመ ይሰማ ነበር። እኛ ልጆቹን ስልኩ አበላሻቸው እንላለን፤ ስልኩ ላይ መስቀል አንጠልጥሎ፣ ጥቅስ ደርድሮ የሚሳደብ እንዳለ እኔም አይቻለሁ፣ አሳፋሪም ነው። ያ ልጅ ግን የእሑዱን ቃል ከስልክ አልሰማውም። በነጭ ነጠላ ከተሸፈነ፣ ጸሎት ሲያደርስ ከሚያየው፣ ከሰው ሁሉ አብልጦ ከሚያምነው ሰው አፍ ሰማው፤ ነገ እነሱ ከተባሉት አንዱን በመንገድ ቢያገኘው የሚያስታውሰው የአያቱን ድምፅ ነው።

ጾማችንን አልነቅፍም፤ 55ቱን ቀን በዚህ ዕድሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተግቶ የሚውለውን አውቀዋለሁ፣ ብዙዎቻችሁም እንደዚያው ናችሁ። የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፤ ለንስሐ አባታችሁ ቂማችሁን የነገራችሁት መቼ ነው? ረስተን ቅባት የነካ ምግብ መቅመሳችንን እንናገራለን፣ ልጅ መቆጣታችንን እንናገራለን፣ ቅዳሴ ማርፈዳችንን እንናገራለን። ቂሙን ግን አንናገረውም፣ ምክንያቱም ቂም መሆኑን ትተን ሌላ ስም ሰጥተነዋል፤ ለወገን መቆርቆር ብለነዋል፣ እውነትን አለመሸሸግ ብለነዋል፣ ክብር ብለነዋል። ኃጢአት መልካም ስም ከወጣለት ንስሐ አይገባበትም፤ እየተባረከ፣ እየተከበረ፣ ከበላዩ ነጠላ እየተጣለበት ያረጃል። ብዙዎቻችን ንስሐ አባት የያዝነው ለፍታታችን እንጂ ለሕይወታችን አይደለም፤ ይህን ስል የሚከፋው ካለ ከእኔ ይጀምር፣ እኔ የ27ቱን ነገር ለንስሐ አባቴ የነገርኩት ባለፈው ማክሰኞ ነው።

ገና ጊዜ አለን፤ ይህን ባላምን ኖሮ ዝም ባልኩ። የሽማግሌ ቃል የሚሰማበት ወራት አለው፤ ኩርፊያው ገና ኩርፊያ ሳለ፣ ሰው ሰላምታ ነሥቶ ገና መንገድ ሳይቀይር፣ ሽማግሌ ደጁ ቢቆም ያፍራል፣ በሩን ይከፍታል፣ ግባ ይላል። አባቴ የቆመበት በር ግን ወራቱ ያለፈበት በር ነበር። ዛሬ በሰፈራችን፣ በአጥቢያችን፣ በየሰው አገርም ልጆቻችን በሠሯቸው አጥቢያዎች ውስጥ ያለው ነገር ከዚያ በፊት ያለው ነው እላለሁ፤ በሩ ገና አልተቆለፈም፣ ገርበብ ብሏል። ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና፣ እነዚህ አራት ሰንበቶች ከትንሣኤ በፊት ከፊታችን ናቸው። አንገቱ ወደ ግራ ያልዞረለትን ወንድማችንን ወደ ጎረቤቱ ደጅ የሚወስዱት ሁለት ሽማግሌዎች ከመካከላችን ይገኙ። በሰንበቴው ያሉትም እነሱ ከማለታቸው በፊት የአንዱን ሰው ስም ይጥሩ፤ ስም ሲጠራ ፊት ይታያል፣ ፊት ከታየ ነገሩ ይለዝባል። የማኅበራችሁን ሕግ አውጥታችሁ አንብቡት፣ የተጣላ አይጠጣ የሚለውንም ጠብቁት፤ ቢበላሽ የማኅበሩ ቀን ይበላሽ። እኔ ያልተበላሸ ቀን አይቻለሁ።

የሟቹ እናትና አባት፣ ሹሙም፣ ሁሉም በአንድ ግቢ አርፈዋል፤ መቃብራቸው የሚራራቀው ቤታቸው ይራራቅ በነበረው ያህል ነው። የልጁ ታናሽ እኅት ግን በሕይወት አለች፤ በዚያችው ቤት፣ ከዚያችው ግድግዳ ወዲህ ትኖራለች፣ ከወዲያ ደግሞ የሹሙ ልጅ ልጆቹን ያሳድጋል። ሁለቱም የእኛው አጥቢያ ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም ያን ዕለት የመፃጉዕን ስብከት ቆመው ሰምተዋል፣ ልጆቻቸውም በአጥሩ ቀዳዳ ኳስ ይቀባበላሉ። ያን ወጣት መምህር ለምኜዋለሁ፤ በመጪው ቅዳሜ፣ ከደብረ ዘይት በፊት፣ አብሮኝ ሊሄድ ቀጠሮ ይዟል። መጀመሪያ የምንገባው ወደ እርሷ ነው። መቋሚያዬን በሯ ላይ አቆማለሁ፣ ጉልበቷን ለመሳም ዝቅ ማለት ከቻልኩ ዝቅ እላለሁ፣ ካልቻልኩም ቆሜ እናገራለሁ። ያን ዕለት ጽዋውን ያዞርኩት እኔ መሆኔን ታውቃለች፤ ከእኔ አፍ ግን አልሰማችውም።